የሌለውን ኮረብታ መዞር

ዛሬ ከእንጅባራ ወጣ ብዬ በባጃጅ ሳልፍ፣ መንገድ ዳር የተከመረ ጠጠር ዝናብ መትቶት ሸተተኝ። የአያቴ ጋቢ ሽታ ነው።

አሥር ዓመቴ ነበር። ከአያቴ ጋር፣ እዚሁ አጠገብ ባለው ሐይቅ ዳር ወደ አክስቴ ቤት እንሄዳለን። ዳሩ ላይ የነበረው ኮረብታ ለአስፋልቱ ድንጋይ ሲወጣበት ኖሮ አልቋል፤ የቀረው ሣር እንኳ ያልበቀለበት ሜዳ ነው። አያቴ ግን ሜዳውን አላቋረጡም። ኮረብታው እንዳለ ሁሉ፣ በውሃው ጥግ በቀድሞው መንገድ ዞሩ።

«አባባ፣ ኮረብታው እኮ የለም! በቀጥታ እንሂድ፤ ደከመኝ» አልኳቸው።

ቆሙ። መዶሻ ያጎበጣቸውን ጣቶቻቸውን አዩ።

«እናትሽን ያሳደግኋት እሱን እየፈለጥኩ ነው። በልቼ ጨረስኩት» አሉ ቀስ ብለው። «አሁን ደግሞ ልርገጠው?»

 ተከትያቸው ዞርኩ።

ዛሬ ባጃጁን አስቁሜ ወደ ሐይቁ ወረድኩ። እሳቸው ካረፉ ቆይተዋል። ሜዳው ሣር ለብሷል፤ የቀድሞውም መንገድ የለም። ልዙርለት ብዬ ነበር፤ ግን ኮረብታው ከየት ይጀምር እንደነበር ጠፋኝ። ያነሳሁትን እግሬን የት እንደማሳርፈው ሳላውቅ ቆምኩ።