ባለቤት የለውም የተባለው ጉብታ

ሮስቪታ የምታፍርበት ነገር ከምትሠራበት የጎብኚዎች ማዕከል መስኮት ይታያል። ቢርቅ ሦስት መቶ እርምጃ ነው። ናራ የሚባለው እሾሃም ቁጥቋጦ አሸዋውን ይዞ ያቆመው፣ ከሁለት ሰው ቁመት የሚበልጥ ጉብታ ነው፤ ዙሪያውን በሽቦ ታጥሯል። የባሕሩ ጭጋግ ተገፍፎ ጎብኚዎች ሲመጡ ሮስቪታ አጥሩ ሥር ታቆማቸውና ያንኑ ትደግማለች። «ቅጠል የለውም፤ በእሾሁ ነው የሚኖረው። ሥሩ አሸዋውን ሰንጥቆ ውሃ ድረስ ይወርዳል። ፍሬውን ቀበሮ ይበላዋል። ባለቤት የለውም፤ የተፈጥሮ ነው።»

ባለቤትማ አለው። ስሙም የኦባድያ ጉብታ ነው። ኦባድያ የሮስቪታ ቅድመ አያት ናቸው፤ ከእሳቸው ሲወርድ ሲዋረድ መጥቶ አክስቷ ዶርቴያ እጅ ገብቷል። ኩይሴብ ወንዝ አሸዋ ውስጥ በሚጠፋበት በዚህ ዳርቻ እያንዳንዱ ጉብታ የአንድ ቤተሰብ ነው። የሰው ጉብታ ላይ ቢርበውም እጁን የሚሰነዝር የለም። ባለቤቱ መጥቶ የመጀመሪያዋን ፍሬ ካልቆረጠ፣ ፍሬው እዚያው ይበሰብሳል እንጂ ጎረቤት አይነካውም።

ሮስቪታ ይህን ሁሉ ከማንም በላይ ታውቃለች። ታዲያ ምን ነክቷት ካደች? ለነገሩ እኔም ስንት ዓመት እዚህ ኖሬ ገርሞኝ አያውቅም፤ ከተማ አዳሪ ትምህርት ቤት የገባ የእኛ ልጅ ሁሉ ያንን ስድብ ያውቀዋል። የናራው ጭማቂ በግማሽ በርሜል ተቀቅሎ አሸዋ ላይ ፈስሶ ነው የሚደርቀው፤ ሲታኘክ ጥርስ ሥር ቅጭ ቅጭ ይላል። ለሮስቪታ ከቤት የተላከላትን ደረቅ ናራ ትራሷ ሥር ያገኙባት ልጆች «አሸዋ ላሽ!» ብለው ስም አወጡላት። ስድስት ዓመት ሙሉ በዚያ ስም ተጠራች። ከዚያ ወዲያ ናራ በልታ አታውቅም፤ የማን ልጅ እንደሆነች ሲጠይቋትም «የከተማ ልጅ ነኝ» ነው መልሷ።

ውሸቱ የተነገረው አንድ ሰኞ ጠዋት፣ ስብሰባ ላይ ነው። የትኬት ክፍሉ ሰውዬ ቀልድ ጀመረ። «እነዚያ የናራ ሰዎች በጋሪያቸው አሸዋውን አረሱት እኮ! አህያቸው ደግሞ ለጎብኚ ማስታወሻ ሳትጥል አታልፍም።» ሁሉም ሳቁ። ሮስቪታም ሳቀች፤ አህያዋ የአክስቷ መሆኗን እያወቀች ሳቀች። ሳቁ ሳይበርድ የማዕከሉ ኃላፊ ሎታር ካርታውን ዘረጋ።

«ይኼኛውን ጉብታ ልናጥረው ነው። የሚለቅመው ቤተሰብ ካለ ግን አንነካውም። ሮስቪታ፣ አንቺ የአካባቢው ሰው ነሽ፤ አለ?»

ዓይን ሁሉ እሷ ላይ ነው። «አለ፤ የኛ ነው» ማለት፣ ያቺ አህያ የኛ ናት ማለት ነበር።

«የለም» አለች።

አጥሩ በሳምንቱ ቆመ። በመከር ጊዜ ዶርቴያ ጋሪዋን ነድታ መጣች፣ ሽቦውን አየች፣ ተመለሰች። ሌላ ጉብታ የላትም። የናራ ፍሬና ዘር ነው ዓመቱን ሙሉ የሚያኖራት። ማታውን የሮስቪታን በር አንኳኳች።

«አንቺ እዚያ ውስጥ ነሽ አይደል፣ ልጄ? እስቲ አንድ ቃል ተናገሪልኝ።»

«እጠይቃለሁ፣ አክስቴ።»

አልጠየቀችም። በሁለተኛው ዓመትም ዶርቴያ መጥታ ያንኑ ለመነች፤ ሮስቪታም ዓይኗን በጨው አጥባ ያንኑ መለሰች። ፍሬው አጥሩ ውስጥ እየበሰበሰ ሽታው ቢሮዋ ድረስ ይመጣ ነበር። መስኮቱን ትዘጋለች።

በሦስተኛው ዓመት ሎታር የአገሩን ሽማግሌዎች ጋበዘ። ከአሥራ ሁለቱ መካከል ዶርቴያ ነበረች፤ የበዓል ቀሚሷን ለብሳ፣ ሻሿን አሥራ፣ ናራ መልቀሚያ ዘንጓን ይዛ። ሮስቪታ ስታያት አጥሩ ጋ ሳትደርስ ቆመች። ሎታር ግን ከኋላ «ቀጥይ እንጂ» አላት። ጀመረች። ሥሩን ተናገረች፣ እሾሁን ተናገረች፣ ቀበሮውንም ተናገረች። መጨረሻው ላይ ምላሷ ለምዶ ነውና አመለጣት።

«ባለቤት የለውም፤ የ...»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ፣ ጎሊያድ የሚባለው ነገረኛ፣ ጉሮሮውን ጠረገ። «ምን አለች ይህቺ? የኦባድያ ጉብታ ባለቤት የለውም? እሷ ራሷ የማን...»

«ተዋት፣ ጎሊያድ» አለች ዶርቴያ ረጋ ብላ። «ከተማ ያደገች ልጅ ናት። ማን ነግሯት ታውቃለች?»

ሮስቪታ ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ስድቡን ትችለው ነበር። መሸፈኑን አልቻለችውም። ሰዎቹ ሻይ ሊጠጡ ሲገቡ አክስቷን ጋሪዋ ጋ ተከትላ ደረሰችባት።

«አክስቴ፣ አልጠየቅሁልሽም። አጥሩም የቆመው በእኔ ነው። የለም ያልኩት እኔ ነኝ።»

ዶርቴያ የአህያዋን ልጓም ማስተካከሏን አላቆመችም። «አውቃለሁ።»

«ታውቂያለሽ?»

«ሽቦውን ያየሁ ዕለት አለቃሽን ጠየቅሁት። ‹ሮስቪታ የለም ብላናለች› አለኝ። የማን መሆኑን አልነገርኩትም።»

«ታዲያ... ቤቴ መጥተሽ ለምን ለመንሽኝ?»

«እንድትናገሪ ነዋ። ሁለት ዓመት በር አንኳኳሁልሽ።»

ሮስቪታ ሁለት መከር ሙሉ አሮጊቷ የምትለምነው ለፍሬዋ መስሏት ነበር። እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ሻይ ወደሚጠጡበት አዳራሽ ገባችና፣ ሎታርም የትኬቱ ሰውዬም ሽማግሌዎቹም እየሰሙ፣ ጉብታው የማን እንደሆነ፣ እሷ የማን ልጅ እንደሆነችና ምን ብላ እንደዋሸች ተናገረች። ሎታር ፊቱ ቀልቶ «ለምን?» አላት። «አፍሬ» አለች። የአጥሩን በር ቁልፍ ከግድግዳው አውርዶ ሰጣት።

በሩን ከፈተችው። ዶርቴያ ግን አልገባችም፤ ዘንጉን አቀበለቻት። «የካደው ነው መጀመሪያ የሚቆርጠው።»

ሮስቪታ እሾሁ ቀሚሷን እየነከሰ ጉብታው ላይ ወጣች። የበሰለ ናራና ጥሬ ናራ መልካቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም አረንጓዴ ናቸው። የበሰለው በዘንግ ገፋ ሲያደርጉት ከግንዱ ይላቀቃል። ልጅ ሆና ይህን ዓይኗን ጨፍና ትለይ ነበር። አሁን ከአዳራሹ የወጡት ሁሉ ቆመው ያዩአታል፤ አንዱን ፍሬ ገፋችው፣ እምቢ አላት፣ ታግላ ቆረጠችው።

ማንም አልሳቀም። ጎሊያድ እንኳ አንገቱን አቀረቀረ። በዚህ አገር ጥሬ የቆረጠ፣ ራሱ ይበላዋል።

«እማማ፣ ያቃጥላል እኮ!» አለ ሎታር ደንግጦ። «ይተዉላት።»

ሮስቪታ አሸዋው ላይ ተቀምጣ ፍሬውን ሰንጥቃ ጎረሰች። ከንፈሯ ወዲያው ነደደ፣ ጉሮሮዋ ተዘጋ፣ ዓይኗ ፈሰሰ። ሁለተኛም ጎረሰች። አክስቷ አጠገቧ ቆማ እስክትጨርስ ጠበቀች፤ ውሃም አልሰጠቻትም፣ በቃሽም አላለቻትም። ቅርፊቱ ብቻ ሲቀር ጎንበስ አለችና፣

«የማን ጉብታ ነው?» አለቻት።

ሮስቪታ ባበጠ ከንፈሯ «የኛ ነው» አለች፤ አልጠራላትም። አክስቷ ደግማ ጠየቀቻት። ደግማ ተናገረች፤ ሦስተኛው ላይ አጥሩ ውጭ የቆሙትም ሰሙት።