ተረከዙ መሬት አልነካ ያለው ቸኮል

ቸኮል በስማዳ፣ ገደሉን ተጠግታ ባለች መንደር፣ በእግሩ የታወቀ ሰው ነበር። ለማዶ አገር መርዶ የሚላከው፣ የጠፋ በሬ ዱካ የሚከተለው፣ ዳገቱንም ወሬውን ሳያቋርጥ የሚወጣው እሱ ነው። እርሻ ላይም እርፉን ጨብጦ ከገባ ጥማዱ ይደክማል እንጂ እሱ አይደክምም ይባልለታል።

በንጉሡ ዘመን፣ በሃምሳዎቹ መባቻ፣ ክፉ ዓመት መጣ። ገብሱ ሊያሽት ሲል በረዶ ወረደበት፤ ከበረዶው የተረፈውን ስንዴ ዋግ መታው። ሳይነካ የቆመው፣ ዝናቡ ሲያባራ ጥቁሩ መሬት ላይ የተዘራው ጓያ ብቻ ነበር። ጓያ ዝናብ ቢቀርበት ግድ የለውም፤ ትልም እምብዛም አይደፍረው። ሰው ሁሉ ተመስገን ብሎ እሸቱን ፈለፈለ። ሲደርቅ ደግሞ ቂጣውም ሽሮውም ቆሎውም ጓያ ሆነ።

ጓያ እግር እንደሚይዝ ሽማግሌዎቹ ያውቃሉ። ግን እንዴት እንደሚይዝ አይስማሙም። እንፋሎቱ ነው የሚሉ ነበሩ፤ ገለባው ላይ የተኛ ነው የሚያዘው የሚሉም ነበሩ። ስለዚህ የቸኮል ሚስት ባንቺዓለም ጓያ ስትቀቅል ባሏን ከቤት ታስወጣዋለች። ከድስቱ የወጣውን ግን መልሳ ታቀርብለታለች። ሌላ ምን ታቅርብ?

በጥር መጨረሻ ቸኮል ከገደሉ ሥር እንጨት ተሸክሞ ሲወጣ ባቱ ተሳሰረበት። ሸክሙን አውርዶ አሸት አሸት አደረገውና ድካም ነው ብሎ ተወው። በማግስቱ ከመደቡ ሲወርድ ተረከዙ መሬት አልነካ አለው፤ በጣቶቹ ጫፍ ቆሞ ቀረ። አንዱን እግር ሲያነሳ በሌላው ላይ ይጠላለፋል። ሕመም የለውም። ይበልጥ ያስፈራውም እሱ ነው። ቁስል ቢሆን ይታጠባል፣ ስብራት ቢሆን ይታሰራል፤ ይህ ግን የገዛ እግሩ እምቢ ሲለው ነው።

ወጌሻው በቅቤ አሸውና "ያልተሰበረውን ምን ብዬ ልጠግን?" ብሎ ተወው። ጸበል ገባ፤ ሱባዔውን ጨርሶ በዱላ እየተደገፈ ወጣ። በመጨረሻ ታናሽ ወንድሙ አስማረ በቅሎ ተውሶ ወደ እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ ወሰደው። እዚያ ሐኪም መጥቷል እየተባለ ይወራ ነበር።

ሐኪሙ ጸጋዬ የሚባል፣ ተምሮ የመጣ የጤና መኮንን ነው። ቸኮልን አግዳሚ ላይ አስቀምጦ እግሩን በመርፌ ጫፍ ነካ አደረገው።

"ይሰማሃል?"

"ደህና አድርጎ ይሰማኛል፣ ጌታዬ።"

ከጉልበቱ ሎሚ በታች ያለውን ጅማት በትንሽ መዶሻ መታ ሲያደርገው እግሩ ተወርውሮ ሐኪሙን ሊመታው ደረሰ። ቸኮል በኀፍረት አቀረቀረ። "ይቅር ይበሉኝ፤ እኔ አይደለሁም" አለ።

"ልክ ነህ፤ አንተ አይደለህም" አለው ጸጋዬ። "ምን ስትበላ ከረምህ?"

"ጓያ ነዋ። ከኅዳር ወዲህ ሌላ አልቀመስንም።"

ጸጋዬ ባቱን በመዳፉ ያዘ። "ይህ ጡንቻህ ጤነኛ ነው። ግን ጡንቻ በራሱ የሚያውቀው ነገር የለም። ሳብ ሲሉት ይሳባል፣ ልቀቅ ሲሉት ይላላል። አዛዡ አንጎል ነው። ትእዛዙ በጀርባህ አጥንት ውስጥ በኅብለ ሰረሰር ይወርድና፣ እንደ ክር በቀጠኑ ነርቮች አልፎ እግርህ ይደርሳል። ክንድህን ስታጥፍ የፊቱ ጡንቻ ሲሳብ የኋላው ይላላል፤ ካልተቻቻሉ ክንድ አይታጠፍም።"

"የእኔስ?"

"ጓያው የጎዳው ከአንጎል የሚወርደውን ነርቭ ነው። ሳብ የሚለውም ልቀቅ የሚለውም በቅጡ አይደርስም። ስለዚህ የፊቱም የኋላውም አንድ ላይ ይገትራሉ። መርፌው የተሰማህ፣ ስሜት ወደ ላይ የሚወጣበት መንገድ ሌላ ስለሆነ ነው፤ እሱ አልተነካም።"

በሩ አጠገብ የቆመው አስማረ፣ "መድኃኒቱን ይንገሩን" አለ።

ጸጋዬ መዶሻውን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። "አጥንት ቢሰበር ይገጥማል። ይህ ነርቭ ግን አንዴ ከሞተ አይበቅልም። መድኃኒት የለኝም፤ ሌላም ዘንድ የለም። ጓያውን ተዉ። ካልሆነላችሁም ዘፍዝፋችሁ ውኃውን ድፉት፤ ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም።"

ቤት ሲመለሱ የመንደሩ ምንጭ ጠብታ ሆኖ ነበር። ባንቺዓለም ገደል ወርዳ በእንስራ የምታመጣው ውኃ ለመጠጥ እንኳ አይበቃም፤ ዘፍዝፎ መድፋት የማይታሰብ ነው። ከዘመድ ያገኘችውን ጥቂት ገብስ ለልጆቿና ለአስማረ ለየችው፤ አስማረ አሁን የሁለት ቤት አራሽ ነውና። ቸኮል የጓያውን ቂጣ ወደ ራሱ ሳበ።

"ሐኪሙ ተው እያለህ?" አለችው።

"ሐኪሙ ሌላ እህል አልሰጠኝም። የእኔ እግር እንደሆነ ሄዷል።"

ገብሱ ከፋሲካ በፊት አለቀ። ከዚያ ወዲያ ሁሉም ከአንድ ድስት በሉ። ቸኮል ደጃፍ ተቀምጦ የወንድሙን ተረከዝ መጠበቅ ሥራው ሆነ። አስማረ ሲወጣ ያየዋል፤ ሲገባ ያየዋል።

በግንቦት፣ እርሻው ዳር ተቀምጦ ሳለ፣ የአስማረ ቀኝ እግር ጣት ጓሉን ሲጠርግ አየ።

"እግርህን ምን ሆነህ ነው?"

"ድንጋይ መታኝ።"

"እስቲ ተረከዝህን አስነካው።"

አስማረ ወደ እርፉ ዞረ። በሬዎቹን ጠርቶ ቀጠለ። ቸኮል ሊነሳ ሞከረ፤ ሐሳቡ ወንድሙ ዘንድ ደርሷል፣ ጡንቻዎቹ ግን ከፊትም ከኋላም ገትረው ያዙት። በጎኑ ወደቀ። ከወደቀበት ሆኖ ትልሙ ሲጣመም አየ፤ ወንድሙን ምን እንደያዘው ያውቃል፣ ለምን እንደያዘው ያውቃል፣ ማወቁ ግን ከዚያ ጓል ላይ አላነሳውም።

ሰኔ ሳይገባ አስማረም ዱላ ቆረጠ። መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጡ። ዝናቡ ባባራ ጊዜ አራሹ መጥቶ ጥቁሩ መሬት ላይ ምን ልዝራ አለ። ቸኮል ሽንብራ ዝራ አለው። ሽንብራውን ትል ፈጀው፣ ዘር የለም፣ ያለው ጓያ ነው አለ አራሹ። ቸኮል ባንቺዓለምን አያት፤ እሷ ልጆቹን አየች።

"ዝራው" አለ።

ቸኮል ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን ኖረ። እጆቹ አልተነኩምና የቃጫ ገመድ እየገመደ ይሸጥ ነበር። እሑድ ከወንድሙ ጋር በየዱላቸው ወደ ቤተ ክርስቲያን ይነሳሉ፤ ሰው ቅዳሴውን አስቀድሶ ሲመለስ ብዙውን ጊዜ አቀበቱ ላይ ያገኛቸዋል። ጸበል ጻዲቁን እዚያው ያቀምሷቸውና፣ ወንድማማቾቹ ትንፋሻቸውን ሰብስበው ተመልሰው ይወርዳሉ።