ድገመውና የጎደለው ራም

ባለቤቴን ጎረቤት ሁሉ «ድገመው» እያለ እንደሚጠራው የማያውቀው እሱ ብቻ ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ስሙ የወጣለት በእህል መጋዘን፣ ሚዛን ላይ ነው። ዕድሜውን ሙሉ እዚያ መዛኝ ሆኖ ሲሠራ፣ ጆንያ ተመዝኖ ቁጥሩ በተነበበለት ቁጥር መልሱ አንድ ነበር፤ «ድገመው!» ተደግሞ ያው ቁጥር ከመጣ ጆንያውን ዞሮ ያየዋል፣ ቀጥሎ ተሸካሚውን ያየዋል፣ ቀጥሎ የተሸካሚውን እግር ያየዋል፤ ሚዛኑን ረግጦት እንዳይሆን። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ተረት ሌላው ሰው ለቀልድ ይለዋል፤ የኔው ሰውዬ እንደ ጸሎት ነው የሚደግመው። ላግባሽ ብሎኝ እሺ ስለው እንኳ «እስቲ ድገሚው» ብሎኛል። ያን ጊዜ ፍቅር መስሎኝ ነበር።

ጡረታ የወጣ ሰሞን መጋዘኑ አሮጌ ኮምፒውተሮቹን ይሸጥ ነበርና አንዱን ገዝቶ መጣ። ያውም የሚዛን ክፍሉን። ያ ኮምፒውተር ባለቤቴ የመዘነውን ሲመዘግብ የኖረ ነው፤ ባለቤቴም እሱን በጎሪጥ ሲያየው ኖሯል። «የነገርኩትን በትክክል ይይዝ እንደሆነ ሆዱን ከፍቼ ማየት አለብኝ» አለኝ። ሌላው ጡረተኛ አትክልት ይተክላል፣ የኔው ጉድ ምርመራ ከፈተ።

ከኋላ ያለችውን ትንሽ ክፍል ያዘ፤ ልብስ የምተኩስበትን ጠረጴዛም ወሰደብኝ። የኮምፒውተሩን ጎን ፈትቶ በቀለም ብሩሽ ሲጠርገው የእህል ብናኝ ጉድ እስኪባል ወጣ። ብሎኖቹን በእንቁላል ካርቶን ውስጥ እያንዳንዱን ለብቻው አስቀመጠ። የሚጮኸውን ማራገቢያ አውጥቶ ሌላ ገጠመለት። ቴክኒሻን ጋ ውሰደው ብለው «ደህናውን አውጥተው የሞተውን ሊከቱልኝ?» ብሎ ጮኸብኝ። ቀጥሎ የጥፍር ቀለሜን አንሥቶ በየዕቃው ላይ ቀይ ነጥብ አደረገበት፤ ቢቀየር እንዲያውቅ። ማን እንደሚቀይረው ግን አይናገርም።

ብዙም ሳይቆይ ተጠርጣሪው ተገኘ፤ እኔ ነበርኩ። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ በተነሣ ቁጥር ቀኑ ወደ ድሮ ይመለስበታል። «ማነው የነካው?» ይላል። እንግዲህ ቤቱ ውስጥ ያለነው ሁለት ሰዎች ነን። እኔ አልነካሁም ብለው «እኔም አልነካሁም» ይለኛል፣ ዓይን ዓይኔን እያየ። አንድ ቀን ጭራሽ በበሩ እጀታ ላይ ቀጭን ክር አስሮ ገበያ ሄደ። ሲመለስ ክሩ እንዳለ ነው፤ ቀኑ ግን ድሮ ሆኖ ጠበቀው።

«በመስኮት ነው እንዴ የምትገቢው?» አለኝ።

«በዚህ ጉልበቴ?» አልኩት።

ጉልበቴን አየው። እውነቴን ነው፣ ጎንበስ ብሎ አየው! በኋላ ሲጎረጉር ሳንቲም የምታክል ባትሪ ሞታ አገኘ፤ ሰዓቱንና ቀኑን የምትይዘው እሷ ኖራለች። አዲስ ገዝቶ ገጠመ፣ ነገሩም ቀጥ አለ። ይቅርታ የሚባል ነገር ግን አልሰማሁም። «ባትሪዋ ነበረች» አለኝ፣ ሌላ ሌባ ተይዞ እኔ በነጻ እንደተለቀቅሁ ሁሉ።

ሐቁን ልናገር ካልኩ ደግሞ ደስ ብሎት ስለነበር ደስ ብሎኝ ነበር። ሲፈታና ሲገጥም ያንጎራጉራል፤ ከመጋዘን ከወጣ ወዲህ ሲያንጎራጉር ሰምቼው አላውቅም ነበር። የቀረው ችግር ኮምፒውተሩ መንቀርፈፉ ነው። አንድ ነገር ክፈት ብለኸው ሻይ አፍልተህ ጠጥተህ ትመለሳለህ። ባለቤቴ ሲያስረዳኝ ራም የሚሉት ነገር የኮምፒውተሩ የሥራ ጠረጴዛ ነው፤ ጠረጴዛው ሲሰፋ ሥራው ይቀላል። ይህን ነገር ወንድሜ ሰማ።

ወንድሜ የዳቦ ቤት መኪና ሾፌር ነው። እናታችን ስትሞት ገና አፉን ያልፈታ ሕፃን ነበር፣ አዝዬ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ወንድሜ ይባላል እንጂ ልጄ ነው፤ የሆዴ ፍሬ ስለሌለኝ በዚህ ዓለም ከሥጋዬ ያለኝ እሱ ብቻ ነው። እሑድ እሑድ እኛ ጋ ይበላል። እሱ ያልመጣበት እሑድ ለኔ ከሥራ ቀን ይብሳል።

እና አንድ እሑድ ሁለት ራም ይዞ መጣ፤ እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ጊጋ። «ስጦታዬ ነው ጋሼ፣ ዋጋውን እንዳትጠይቀኝ» አለ። ባለቤቴ አመሰገነውና ዓይኑን ጠበብ አደረገ። ያንን አስተያየት አውቀዋለሁ። ማንም ሳይጠይቀው መርቆ የሚሰጥ ነጋዴ ሲያጋጥመው ነው እንደዚያ የሚያየው።

ወንድሜ ከሄደ በኋላ ሁለቱን ገጠማቸው። ሁለትና ሁለት አራት ነው። ስክሪኑ ላይ የወጣው ግን ሦስት ከሩብ። አወጣ፣ የሚገጥሙበትን ጠርዝ በላጲስ ፈገፈገ፣ መልሶ ከተተ። ሦስት ከሩብ። ቦታ አቀያየራቸው። አሁንም ሦስት ከሩብ።

«ጎድሏል» አለ ወጥ ቤት ድረስ መጥቶ።

«የት ይሄዳል?»

«እሱን ወንድምሽን ጠይቂው።»

«ምን ማለትህ ነው? ጎድሎም ከሆነ የሸጡለት ሰዎች አታለውት ይሆናላ!»

«ወይም ደህናውን ሸጦ ጎዶሎውን አምጥቶልኛል። ሰው ዋጋውን አትጠይቀኝ የሚለው ለምንድነው? እስቲ ንገሪኝ።»

ሰው ለሚወደው ሲሰጥ ዋጋ አያወራም ብለው አልገባውም። ስጦታ የሚባል ነገር በእሱ ሚዛን ላይ ወጥቶ አያውቅም።

በሚቀጥለው እሑድ ወንድሜ ትኩስ ዳቦ ታቅፎ ከች አለ። ገና ከመቀመጡ ባለቤቴ ጀመረው። ሱቁ የት ነበር? ሲሰጡህ ታሽጎ ነው? መንገድ ላይ የትም አልቆምክም? ወንድሜ መጀመሪያ እየሳቀ ይመልስ ነበር። «ቆሜያለሁ እንጂ ጋሼ፣ በየሱቁ ዳቦ ላደርስ ቆሜያለሁ» አለ። ባለቤቴ ከዳቦው ቆረሰና አገላብጦ አየው። ከዚያ ለራሱ እንደሚያወራ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል» አለ።

ካፍ ከወጣ አፋፍ። ወንድሜ የያዘውን ቁራሽ ቀስ ብሎ ሳህኑ ላይ መለሰው።

«ጎደለ እንዴ ጋሼ?»

«ሦስት አራተኛ ጊጋ ጎድሏል።»

«እና የወሰድኩት እኔ ነኝ?»

ባለቤቴ ዝም አለ። አዎ ቢል እንኳ እሟገተው ነበር፤ ዝምታውን ግን ምን ላድርገው? ወንድሜ ተነሣ፣ እጁን ታጠበ፣ ግንባሬን ስሞኝ «በይ እትዬ፣ ደህና ሁኚ» ብሎ ወጣ። በሚቀጥለው እሑድ አልመጣም፤ ከዚያ በኋላ ባለውም አልመጣም። ስደውል «ሥራ በዝቶብኝ ነው» ይለኛል። አሳድጌው ሲዋሸኝ ይጠፋኛል?

ባለቤቴን ልክ ልኩን ነገርኩት። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አሉ! ላንድ ስንጥር ራም ብለህ ልጄን አስቀየምክብኝ። እሱን መልሰህ ካላመጣህልኝ ያንን ሳጥን በመስኮት ነው የምወረውረው!» አልኩት። ፈራ። እኔን ሳይሆን ለሳጥኑ ነው የፈራው፤ ቢሆንም ፈርቶ ወደ ክፍሉ ገባ።

እዚያም የሚያውቀውን አደረገ። ሁለቱን ራም እንደ ጆንያ ለየብቻ መዘናቸው። አንደኛውን ብቻውን ገጠመ፤ ሙሉ ሁለት። አውጥቶ ሁለተኛውን ገጠመ፤ እሱም ሙሉ ሁለት። አንድ ላይ ሲገጥማቸው ሦስት ከሩብ። ወጥ ቤት መጥቶ ወንበር ስቦ ተቀመጠ፣ ፊቱ አመድ መስሎ።

«ለየብቻ ሞልቶ አብሮ ሲመዘን የሚጎድል ጆንያ ዕድሜዬን ሙሉ አላየሁም» አለኝ።

«ስለዚህ ወንድሜ አልሰረቀም።»

«እሱን ገና አላልኩም። ሻጩ ይጠየቅ።»

አሁንም ገና! ነጠላዬን ደረብኩና ተያይዘን ሱቁ ሄድን። ደረጃ ሥር ያለች ጠባብ ሱቅ ናት፤ ሻጯ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች ሴትዮ ነች። ባለቤቴ ራሞቹን ከመሀረብ ፈትቶ ባንኮኒው ላይ አኖረና እንደ መርማሪ ከላይ እስከ ታች አያት። ነገሩን ሲነግራት ግን ሳቀች።

«ኮምፒውተሩን የሚያስነሣው ሲስተም አሮጌ ነው አባባ። ሦስትና ምናምን ላይ ሲደርስ ከዚያ በላይ መቁጠር አይችልም። ዕቃው ሙሉ ነው፤ ያልቻለው ቆጣሪው ነው። የርስዎ ማሽን ይችላል፣ አዲሱን ሲጭኑበት አራቱንም ያያል።»

ባለቤቴ እንደገና እንድታስረዳው ጠየቃት፤ አስረዳችው። ከዚያ ራሞቹን አንሥታ እያገላበጠች «ቆይ፣ ይሄ ለዳቦ መኪና ሾፌሩ የሸጥኩት አይደል?» አለች። «ሰውዬው እኮ እየደጋገመ አስሞክሮኝ ሊያሳብደኝ ነበር። ምን ሆነህ ነው ብለው 'የእህቴ ባል መዛኝ ነው፣ እሱ ፊት ጎድሎ ከሚገኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ይሻለኛል' አለኝ።»

እኔ እዚያው እንባዬ መጣ። ባለቤቴ ራሞቹን በመሀረቡ መልሶ ቢቋጥር ተፈታበት፣ ቢደግመው ተፈታበት። ቋጠርኩለት።

ከሱቁ በቀጥታ ዳቦ ቤቱ ሄድን፤ ወደ ቤት እንሂድ አላለኝም። ወንድሜ በጓሮ በኩል ሣጥን እየጫነ ነበር። ባለቤቴ በጫኞቹ ሁሉ ፊት ቆመና ጮክ ብሎ «ያመጣህልኝ ዕቃ ሙሉ ነው። የጎደለ የለም። ጥፋቱ የኔ ነው» አለው። አብረን በኖርንበት ዘመን ጥፋቱ የኔ ነው ሲል የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው። ወንድሜ እጁን በሽርጡ ጠርጎ አቀፈው። «ኧረ ተወው ጋሼ! አልፏል!» አለ። ጫኞቹ እንኳ ደስ አላቸው።

እሑድ መጣልኝ። በላ፣ ቀለደ፣ አሳቀን። በቃ አለፈ ብዬ ወጡን ደጋግሜ ጨመርኩለት። ባለቤቴ አዲሱን ሲስተም ጭኖ ኖሮ ከኋላ ክፍል ሆኖ ተጣራ፤ «ና እየው! አራት ሙሉ!» ወንድሜ ሄደና በሩ ላይ ቆመ።

«ግባ እንጂ!» አለው ባለቤቴ።

«ከዚሁ ይታየኛል ጋሼ። ደስ ይላል።»

ባለቤቴ ተነሥቶ የኮምፒውተሩን ጎን ከፈተ። ማንም እንዲነካበት የማይፈልገውን ያንን ሆድ ዕቃ ወለል አድርጎ መፍቻውን ዘረጋለት። «ና፣ አዲስ ዲስክ ገዝቻለሁ፣ አሮጌውን አንተ ቀይርልኝ። አንተ እንድትቀይረው ነው የምፈልገው» አለው። ድምፁ የልመና ነበር።

ወንድሜ ፈገግ እንዳለ ሁለት እጁን ወደ ኋላ አጣመረ። «እጄን ባላስገባ ይሻላል ጋሼ። ነገ አንድ ነገር ቢጎድልስ?» አለ። ብሎም ሳቀ። ሳቁ ከልቡ ነው ብዬ ፊቱን አየሁት፤ ሊያስቀይመን ፈልጎ አልነበረም። ሆኖም ሁለታችንም አብረነው መሳቅ አልቻልንም።

አሁንም እሑድ እሑድ ይመጣል። እግዜር ይስጠው፣ አልቀረብኝም። ባለቤቴ እሱ ከመድረሱ በፊት የኋላ ክፍሉን በር ወለል አድርጎ ይከፍተዋል። ወንድሜ ደግሞ እጁን ሊታጠብ በዚያ ሲያልፍ፣ ወደ ውስጥ ሳያይ፣ በሩን ቀስ አድርጎ ይዘጋዋል።