የዘነበች ስም አይሰረዝም

ዛሬ ጠዋት የሱቁን ኢሜይል ልከፍት ስል ስልኬ «የዘነበች አድራሻ አይታመንም» ብሎ ዘጋብኝ።

ዘነበች፣ ነፍሷን ይማርና፣ ባለቤቴ ነበረች። በርበሬ በረንዳ ያለውን ሱቅ አብረን ነው ያቆምነው። የድሮ ደንበኞች ዛሬም የሚያዙት በእሷ ስም በተከፈተው ኢሜይል ነው።

እኔን አይታመንም ቢል ዝም ብዬ ባለፍኩ። እሷን ግን መላው በረንዳ ያምናት ነበር።

ኮምፒውተራችንን የምትሠራልንን ሰናይትን አስጠራሁ።

«ጋሼ፣ ኢሜይሉም ድረ ገጹም የሚታመኑት በአንድ ሰርተፊኬት፣ እንደ መታወቂያ በሚታይ ፋይል ነው» አለችኝ እየሳቀች። «ሲታደስ ስሞቹ ሁሉ መግባት አለባቸው። ልጅዎ አሮጌው የኢሜይሉ ስም ይቅር ስላለኝ የአዲሱን ድረ ገጽ ስም ብቻ አስገባሁ።»

«ልጄ ሱቁን ገና አልወረሰም» አልኳት።

«እንግዲያስ ይቅር ወይስ ልመልሰው?»

«መልሺው። እኔ ቆሜ ስሟ አይሰረዝም።»

ቁጭ ብላ ሁለቱንም ስም አስገብታ ሰርተፊኬቱን እንደ አዲስ አወጣችው። ያዘዝኩላት ሻይ እንኳ ሳትነካው ቀዘቀዘ።

ኢሜይሉ ተከፈተ። ከደሴ አንድ እናት ጽፈዋል፦ «እትዬ ዘነበች፣ የልጄ ሠርግ ደርሷል። እንደ ድሮው በርበሬውን ያዘጋጁልኝ።»

ማረፏን አልሰሙም። ፊደል ጠንቅቄ ባላውቅም ጻፍልኝ ብዬ ማንንም አልለመንኩም። በአንድ ጣቴ እየፈለግሁ ማረፏንም፣ በርበሬው እንደሚላክላቸውም ራሴ ጻፍኩላቸው። ከሥር የእሷን ስም አስቀድሜ የኔን አስከተልኩ።

ሰናይት፣ እግዜር ይስጥሽ።

እናንተስ፣ ያረፈ ሰው ስም አይነካብኝም ብላችሁ የያዛችሁት ነገር አለ? እስቲ ጻፉልኝ፣ ቀስ እያልኩ አነበዋለሁ።