አባቴ የሞላው ቤንዚን

ትናንት እንጅባራ መናኸሪያ አጠገብ፣ አንድ የባጃጅ ነጂ የሚያንጠባጥብ የቤንዚን ቧንቧ በልብስ ሳሙና ሲለስን አየሁ። ሽታው አፍንጫዬን እንዳገኘው እግሬ ቀጥ አለ።

ልጅ ሳለሁ የነበረው የአባቴ ለቅሶ ቀን ትዝ አለኝ። በእኛ አገር ፈረሰኛ ሲሞት ፈረሱ ይጫናል፤ የሟቹ ልብስ ተደርቦበት በለቅሶው መሃል ይሳባል። አባቴ የእርሻ ባለሙያ ነበርና ፈረስ አልነበረውም፤ ያለው ገጠር ለገጠር የሚዞርበት ሞተር ሳይክል ነው። አያቴ «ፈረሱ ይኸ ነው» ብለው የአባቴን ጋቢ መቀመጫው ላይ ዘረጉ። ሞተሩ ግን ከታንከሩ ሥር ቤንዚን ያንጠባጥባል።

«አባባ፣ ቤንዚኑን እንድፋውና እንገላገል» አለ ጎረቤታችን።

«ልጄ የሞላውን እኔ ልድፋ? አፍህን ያዝ!»

ከእናቴ የልብስ ሳሙና ቆርሰው በምራቃቸው አራሱና ተንበረከኩ። የፈረስ ቁስል እንደሚያክም ሰው ቧንቧውን በአውራ ጣታቸው ቀስ አድርገው ለሰኑት። ጠብታው ቆመ። ያን ጊዜ ነው ያለቀሱት።

ከዚያ ወዲህ ያን ሞተር ያስነሳው የለም። ሳሙናው በደረቀ ቁጥር አያቴ ያድሱት ነበር። እሳቸውም ሲሞቱ ታንከሩን ከፈትነው። ቤንዚኑ ተንኖ አልቋል፤ ሽታው ብቻ ቀርቷል።

«ግቢ እህቴ፣ መፍሰሱን ትቷል» አለኝ የባጃጁ ነጂ። «ወዴት ነሽ?»

የምሄድበት ጠፋኝ።