በእኔ እጅ ብቻ የምትጠፋ መኪና

መንጃ ፈቃድ ያወጣሁት ሁለቱንም ልጆቼን ከወለድኩ በኋላ ነው። ዘግይቼ ስለጀመርኩ መሪ በያዝኩ ቁጥር መንገደኛው ሁሉ እኔን የሚያይ ይመስለኝ ነበር። አባቴን ስትሮክ መትቶት ግራ ጎኑ ሲደክም ግን ምርጫ አልነበረኝም። ባለቤቴ ሥራ ላይ ስለሚውል አባቴን ከጀሞ ኮንዶሚኒየማችን ወደ ፊዚዮቴራፒ የማመላልሰው እኔ ሆንኩ። መኪናችን ትንሽዬ፣ ነጭ፣ ዕድሜ የጠገበች፣ በእጅ ማርሽ የምትነዳ ናት።

መጀመሪያ የጠፋችብኝ ለቡ መብራት ኃይልን አለፍ እንዳልን ነው። አስፋልቱ የተቆፈረበት ቦታ ላይ ጎማዋ ዘጭ ሲል ሞተሩ ጸጥ አለ። ማርሽ አልቀየርኩም፣ ፍሪሲዮንም አልነካሁም። ቁልፉን ባዞር ባዞር ማስነሻው ሞተሪኖ ያጓራል እንጂ ሞተሩ አይነሳም። ከኋላዬ ክላክሱ ቀለጠ። በመጨረሻ አንድ የሚኒባስ ሾፌር ወርዶ መጣ።

«እስቲ ውረጂ እህቴ» አለኝ።

ወረድኩለት። ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ ገባና ቁልፉን አንዴ ቢያዞረው ተነሳች። «ምንም አልሆነችም፤ በነዳጅ አፍነሻት ነው። ቀስ እያልሽ» ብሎኝ ሄደ። አባቴ ጎኔ ተቀምጦ ምንም አላለም። እኔ ግን ፊቴ እስከ ጆሮዬ ድረስ ጋለ።

ማታ ለባለቤቴ ነገርኩት። «ፍሪሲዮን ቶሎ ለቀሽ ይሆናል፤ ማንም ጀማሪ ያደርገዋል» አለኝ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር፤ የለዘበ አነጋገሩ ነው የጎዳኝ። በማግስቱ እሱ መርካቶ ድረስ ነድቷት ተመለሰ፤ አንዴም አልጠፋችም።

ከዚያ በኋላ ነገሩ እየተደጋገመ መጣ። አንዳንዴ ሳምንት ሙሉ ደህና ትሆናለች፤ ሌላ ጊዜ ግቢያችን ደጃፍ ያለው ኮብልስቶን ላይ እንደወጣሁ ቀጥ ትላለች። ሁልጊዜም በእኔ እጅ። ሊረዳኝ የመጣ ሁሉ ገብቶ ሲሞክራት እንደ ደህና ልጅ ትነሳለች። ጋራዥ ወሰድናት፤ ኮምፒውተር ሰክተው ምንም አላገኙባትም። ካንዴላ ተቀየረ፣ የባትሪው ማሰሪያ ተጠርጎ ጠበቀ። ባለቤቴ ሲረከባት ደህና ነች፤ እኔ ስነዳት ትጠፋለች። አንዷ ጎረቤቴ ጠበል እንድረጭባት መከረችኝ። ሌላዋ ደግሞ መኪናዋ ላይ እጇን ጭና ልትጸልይ ቃል ገባችልኝ። ሁለቱንም እሺ አልኩ።

በመጨረሻ ቁልፉን ለባለቤቴ መልሼ ሰጠሁት። «እኔ ለዚህ አልተፈጠርኩም» አልኩት። አባቴ ወደ ሕክምናው በባጃጅ መሄድ ጀመረ። ባጃጁ ሲነጥር የታመመ ትከሻውን በደህና እጁ ደግፎ እንደሚሄድ አውቃለሁ፤ አንድ ቀን ግን አማርሮ አያውቅም።

አንድ ከሰዓት ከባጃጅ ወርዶ ደረጃው ላይ ዐረፍ እንዳለ እንዲህ አለኝ፦ «ልጄ፣ እኔኮ እግርሽን አይቼዋለሁ። መኪናዋ ስትጠፋ ፍሪሲዮኑ ላይ አልነበረም።»

«ታዲያ እስካሁን ለምን ዝም አልክ፣ አባዬ?»

«የጠየቀኝ አለ?»

ያን ዕለት ማታ ባለቤቴ ፊት ይህንኑ ደገመው። ባለቤቴም «እንግዲያው ቅዳሜ ላፍቶ ያለ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ዘንድ እንውሰዳት» አለ። አባቴም አብሬ ካልሄድኩ ብሎ ድርቅ አለ።

የላፍቶው ባለሙያ ቁመቱ ዘለግ ያለ፣ ጢሙ የሸበተ ሰው ነው። ባለቤቴ ታሪኩን ነግሮት ሲጨርስ ሰውዬው እኔን አየት አደረገኝ። «በእሷ እጅ ነው የምትጠፋው ካልክ እሷ ትንዳልኝ» አለና ጎኔ ገብቶ ተቀመጠ። ከጋራዡ ጀርባ ወዳለው ኮረኮንች እንድወስዳት ነገረኝ።

በሕይወቴ መኪና እንድትበላሽ የጸለይኩት ያን ዕለት ብቻ ነው። ባትጠፋስ? ያኔ ጥፋቱ የእኔ መሆኑ በምስክር ፊት ሊረጋገጥ ነው። ሁለተኛው ጉድጓድ ላይ ሞተሩ ጸጥ አለ።

«ጠፋች!» አልኩ፤ በደስታ ልጮህ ምንም አልቀረኝም።

«አይቻለሁ። እግርሽም አልተንቀሳቀሰም። እስቲ ቦታ እንቀያየር።»

ወርጄ በሩን ይዤለት ቆምኩ። ረጅም እግሩን ለማስገባት ወንበሩን ወደ ኋላ ሲገፋው ከሥር ሸርተት የሚለውን ድምፅ ሰማሁ። ቁልፉን አዞረ። ተነሳች። ያኔ ነው የሚኒባሱ ሾፌር፣ ባለቤቴ፣ ሊረዱኝ የመጡት ወንዶች ሁሉ አንድ ላይ የታዩኝ። ሁሉም ከእኔ ይረዝማሉ። ሁሉም መጀመሪያ የሚያደርጉት ወንበሩን ወደ ኋላ መግፋት ነው።

«ጋሼ፣ ወንበሩ ነው!» አልኩት። «እኔ ስነዳ እስከ መጨረሻው ወደ ፊት አስጠግቼ ነው። እርስዎ አሁን ወደ ኋላ ገፉት።»

ቀና ብሎ አየኝ። ሞተሩ እየሠራ ወርዶ ወንበሩን በእጁ ወደ ፊት ሳበና ነቅነቅ አደረገው። ጸጥ። ወደ ኋላ ገፍቶ ቁልፉን አዞረ። ተነሳች። ደገመው። ያው ሆነ። ከዚያ ቂጢጥ ብሎ ምንጣፉን ገለጠና «ነይ፣ ራስሽ እይው» አለኝ።

ወደ ነዳጅ ፓምፑ የሚሄደው ሽቦ በወንበሩ ሥር ያልፋል። ከማሰሪያው ስለወለቀ ወንበሩ ወደ ፊት በተሳበ ቁጥር አብሮ ይወጠራል። ከላይ ሲያዩት ደህና ይመስላል፤ ልባሱን በምላጭ ሲሰነጥቀው ግን ውስጡ ያለው መዳብ ተበጣጥሶ በጥቂት ክሮች ብቻ ተያይዞ ነበር። መንገዱ ሲያነጥረን ክሮቹ ይለያያሉ፤ ፓምፑ ይቆማል፤ ሞተሩም ነዳጅ አጥቶ ይጠፋል። የተበላሸውን ቆርጦ አውጥቶ በአዲስ ሽቦ ቀጠለው፣ ሸፈነው፣ ከወንበሩ መንሸራተቻ አርቆ አሰረው። ሥራው ብዙም አልፈጀበትም።

እኔ ጋራዡ በር ላይ ካለ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ያመመኝ ነገር የለም፤ ለወራት ደረቴ ላይ ተጭኖኝ የከረመው ነገር በአንዴ ሲወርድልኝ ዕንባዬ አብሮ ወረደ እንጂ። ባለቤቴ መጥቶ ጎኔ ቂጢጥ አለ።

«ይቅርታ አድርጊልኝ። እኔ ስነዳት ስለማትጠፋ ጥፋቱን ካንቺ ውጪ አልፈለግኩትም።»

«እኔም አልፈለግኩም» አልኩት። እውነቴን ነው።

ስንመለስ የነዳሁት እኔ ነኝ። አባቴ ከፊት፣ ባለቤቴ ከኋላ። የጀሞ መንገድ የቅዳሜ ሰው ሞልቶበት ነበር። ወንበሬን እስከ መጨረሻው ወደ ፊት ስቤ፣ ኮብልስቶኑ ላይ ስንወጣ ሦስታችንም ትንፋሻችንን ዋጥን። መኪናዋ ተንገጫግጫ፣ ተንገጫግጫ አለፈች። አባቴ በደህና እጁ ጉልበቱን መታ አድርጎ ሳቀ።

«ወደ ቤት ምን ያስቸኩለናል?» አለ። «እስቲ አንድ ዙር ጨምሪልን።»

ጨመርኩለት።