የንጉሡ እህት የዘገዩበት ቀን

ስለዚያ ውድድር ብዙ ሲወራ ሰምቻለሁ። ልዕልቲቱ ምን እንደ ለበሱ፣ ጃንጥላ የያዘላቸው ሰው ቁመት፣ የበሉት ዓሣ ከየትኛው ሆቴል እንደ ነበር ሁሉ ይተረካል። ታንኳዋን ማን እንደሠራት የሚያወራ ግን የለም። ስለዚህ እኔው እጽፈዋለሁ። የሰው ስም አልጠራም፤ የሚመለከተው ራሱን ያውቃል።

እኛ የሐይቅ ዳር ሰዎች ነን፤ ሙስሊሞች። አባቴ ዓሣ ያሰግር ነበር፤ ውሃ ዳር ከሚበቅለው ደንገልም ታንኳ ይሠራ ነበር። ወንድ ልጅ ስላልነበረው ሙያውን ለእኔ አስተማረኝ። የትኛው ደንገል ለሆድ፣ የትኛው ለጎን እንደሚሆን፣ የማሰሪያውን ልጥ አርጥበው እንዴት እንደሚያጠብቁት አሳየኝ። ደጋግሞ የሚነግረኝ ግን አንድ ነገር ነበር፦ ታንኳ ውሃ ላይ አያድርም። ሥራው እንዳለቀ ወደ ዳር ይጎተታል፤ አፍንጫው ወደ ሰማይ ቀና ብሎ ቆሞ ይደርቃል። ውሃ ላይ የከረመ እንደሆነ ደንገሉ ይጠጣል። መስመጡን አይሰምጥም፤ ግን እንደ ራሰ ፍራሽ ይጎተታል። ይህን በእኛ ሰፈር የአምስት ዓመት ልጅ ያውቀዋል።

የውድድሩ አዘጋጅ ኮሚቴ ሰብሳቢ አያውቀውም ነበር።

ሰብሳቢውን ከልጅነቱ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ኮረዳ ሳለሁ ፋሲሎ ሰፈር፣ እነሱ ቤት ዓሣ ይዤ እሄድ ነበር። ውሃ ስጠይቅ እናቱ በአጥሩ ላይ በተሰቀለች ጣሳ ይሰጡኛል። ከእኔ በቀር ማንም አይጠጣባትም። እሱ ያኔ ትንሽ ልጅ ነው፤ ጣሳዋን በእንጨት እየነካ ይስቃል። ስለ እኛ ይባል የነበረውን እዚህ አልደግመውም። አደገ፣ ተማረ፣ ቢሮ ገባ፣ ጠጉሩ ሸበተ። እኔ በዕድሜ እበልጠዋለሁ፤ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ግን እስከዚያ ቀን ድረስ "አንቺ ዓሣዋ" ነበር የሚለኝ።

ውድድሩ የሴቶች ነበር። አምስት አገሮች እያንዳንዳቸው በየባህላቸው ጀልባ ሦስት ሦስት ቀዛፊ ያቀርባሉ፤ አንድ ጀልባ ላይ አንድ ሴት። ከአምስቱ አንዱ ንጉሥ ያለው አገር ነበር። የንጉሡ እህት የአገራቸውን ቀዛፊ ልጆች ሊያበረታቱ ራሳቸው ይመጣሉ ተባለ። ከተማው አበደ። የመንገዱ ጠርዝ ቀለም ተቀባ፤ ዘንባባው ተከረከመ፤ ሐይቁ ዳር ሻይ የሚሸጡ ሴቶች እንዲነሡ ተደረጉ።

ልጄ ለማጣሪያው ቀረበች። ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ሥራ ያላገኘች ልጅ ናት፤ መቅዘፍ ግን ከመናገሯ በፊት ነው የጀመረችው። ሁለት ጊዜ ተቀዘፈ፤ ሁለቱንም ጊዜ አንደኛ ወጣች። ስም ዝርዝሩ ሲለጠፍ "ተጠባባቂ" ይላል። ሦስቱ ቀዛፊዎች ከአንድ የስፖርት ክለብ የመጡ ነበሩ። ሰብሳቢው ቢሮ ድረስ ሄድሁ።

"ሁለት ጊዜ አንደኛ የወጣች ልጅ ለምን ተጠባባቂ ሆነች?" አልሁት።

"አንቺ፣ ይኼ የዓሣ ገበያ አይደለም፤ የአገር ገጽታ ነው" አለኝ ከወረቀቱ ቀና ሳይል። "የሚመጣው ንጉሣዊ ቤተሰብ ነው። እነዚህ ልጆች ስፖርተኞች ናቸው፤ ካሜራ ፊት አቋቋም ያውቃሉ።"

"የእኔዋስ በምን ትቆማለች? በእጇ?"

ጸሐፊዋ ሳቀች። እሱ አልሳቀም።

"ታንኳ ትሠሪያለሽ ይባላል" አለኝ። "አንድ ሥሪልን። ለክብር በሩ ጌጥ ይሆናል፤ ሪባን እናስርበታለን።"

እሺ አልሁ። የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ልጄ ባሰርሁላት ታንኳ፣ በአገሯ ባንዲራ ሥር ወደ ውሃው እንድትወጣ። ያ ካልሆነ ታንኳዬ ትኑር አልሁ፤ በር ላይም ቢሆን ትታይ። ደንገሉን በጀልባ ከጎርጎራ በኩል አስመጣሁ። ልጡን ለሁለት ቀን ነከርሁት። ለጌጥ ቢሆን ላላ አድርጌ ባሰርሁ ማንም አያውቅብኝም ነበር፤ እጄ ግን እንደዚያ አይሠራም። ጉልበቴን ደግፌ እንዳባቴ አጠበቅሁት። ሰብሳቢው መጥቶ ሪባን አሰረበትና በሩ ላይ ቀጥ አድርጎ አቆመው።

የውድድሩ ሦስት ታንኳዎች ከሌላ ሠሪ የመጡ ናቸው። ጥሩ ታንኳዎች ነበሩ፤ በሠሪያቸው ላይ የምለው የለኝም። ነገር ግን ውድድሩ ሦስት ቀን ሲቀረው ልዕልቲቱ ከሚያርፉበት ሆቴል ፊት ለፊት ውሃው ላይ ታስረው፣ ባንዲራ ተተክሎባቸው አየኋቸው።

"እነዚህን አውጥታችሁ አቁሟቸው፤ ይከብዳሉ" አልሁት።

"ልዕልቲቱ መስኮታቸውን ሲከፍቱ ምን ይዩ? ባዶ ውሃ?" አለኝ። "አንቺ ያንቺን ሥራ ጨርሰሻል፤ ሂጂ።"

ሄድሁ። አንድ ጊዜ ተናገርሁ፤ ሁለተኛ አልተናገርሁም። ለቀዛፊዎቹ ልጆች ብነግራቸው ተደብቀውም ቢሆን ያወጧቸው ነበር። አልነገርኋቸውም። ይህን መደበቅ አልፈልግም።

የውድድሩ ዕለት ሰዓቱ ከጧቱ ሦስት ሰዓት ነበር። በዚያ ሰዓት ጣና ሳህን ላይ እንዳለ ዘይት ይተኛል። ሕዝቡ ከንጋት ጀምሮ ዳርቻውን ሞልቶታል፤ ባጃጆች ቆመው ነጂዎቹ ጣራቸው ላይ ወጥተዋል። የልዕልቲቱ ወንበር ግን ባዶ ነው። ጢስ ዓባይን ሳላይ አልመለስም ብለው ጠዋት ወደ ፏፏቴው ሄደዋል። እሳቸው ሳይቀመጡ ውድድር አይጀመርም። አራት ሰዓት ሆነ፤ አምስት ሆነ።

"ጋሼ ሰብሳቢ!" አለ አንዱ ከባጃጁ ጣራ ላይ። "ልዕልቲቱን በእግራቸው ነው የላካችኋቸው?"

"ፏፏቴውን ጠቅልለው ሊወስዱት ነው መሰለኝ!" አለች ቆሎ የምትሸጥ ሴት፤ ሰው ሁሉ ሳቀ።

ሰብሳቢው በመሐረብ ግንባሩን ይጠርጋል። እኔ ከሕዝቡ ፈቀቅ ብዬ የቀትሩን ሶላት፣ ዙሁርን ሰገድሁ። ስነሣ የሻርፔ ጫፍ ተነሥቶ ፊቴን መታኝ። ወደ ሐይቁ አየሁ፤ ከጎን በኩል ዳርቻውን ይዞ ጥቁር መስመር እየመጣ ነው። ንፋሱ ነው።

"ልብስሽን ቀይሪ" አልኋት ልጄን።

"ለምን እማ? ተጠባባቂ እኮ ነኝ።"

"ቀይሪ አልሁሽ።"

ስምንት ሰዓት ሊሆን ሲል መኪኖቹ መጡ። ልዕልቲቱ ረጅም ሴት ናቸው፤ ከእኔ ጥቂት ያረጁ፣ በዱላ የሚሄዱ። ሦስቱ ቀዛፊዎቻቸው እርጥቡ አሸዋ ላይ ተንበረከኩ፤ በአገራቸው ልማድ ነው። እሳቸው እያንዳንዳቸውን አገጫቸውን ይዘው አነሷቸው። ከዚያ ወደ እኛ ዞረው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ፤ ስለ መዘግየታቸው ይቅርታ መጠየቃቸው ነበር። ሕዝቡ ያን ሁሉ ሰዓት ሲሳደብ እንዳልዋለ እልልታውን አቀለጠው።

ወዲያው ታንኳዎቹ ተፈትተው መጡ። ሁለቱ ዝቅ ብለው ተንሳፈፉ። ሦስተኛዋ ላይ ልጅቷ ገና ስትወጣ ውሃው ቁርጭምጭሚቷን አለፈ። የውጭ አገር ዳኛ መጣና አየት አድርጎ ራሱን ነቀነቀ፤ ይቺ አትወዳደርም። ወይ ሌላ ታንኳ ይምጣ፣ ወይ ኢትዮጵያ በሁለት ትቀዝፋለች።

ሰብሳቢው ዙሪያውን ቃኘ። ዓይኑ በሩ ላይ አረፈ። ቀጥሎ እኔ ላይ።

"እትዬ" አለኝ።

ከኋላዬ ሌላ ሰው የቆመ መስሎኝ ዞርሁ።

"እትዬ፣ እባክዎ፣ የበሩን ታንኳ እናውርዳት። ይፍቀዱልን።"

"ማን ሊቀዝፋት?"

"ልጅቷ ናታ፣ የቡድኑ..."

"የእኔ ልጅ ከቀዘፈቻት ውሰዷት። አለዚያ ጌጥ ናት፤ ጌጥ አይቀዘፍም።"

"እትዬ፣ ጊዜ የለንም!"

"ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ጊዜ ነበረን" አልሁት።

ታንኳዋ ከውድድር የወጣባት ልጅ የተወዳዳሪነት ቁጥሯን ከደረቷ ፈታች። መጥታ በራሷ እጅ ልጄ ደረት ላይ አሰረችላት። "ማዕበሉን አልችለውም፤ አንቺ ሂጂ" አለቻት። ያቺን ልጅ እስከ ዛሬ እወዳታለሁ።

ሪባኑን በጥርሴ በጠስሁት። ታንኳዋ ያን ሁሉ ቀን ፀሐይ ላይ ቆማ ደርቃ ነበር፤ ሁለት ሰው እንደ ቅርጫት አንሥቶ ውሃው ላይ አኖራት። እንደ ዳክዬ ተቀመጠች።

መንገዱ ዳርቻውን ይዞ ሄዶ ሩቅ ከቆመችው የሞተር ጀልባ ዞሮ መመለስ ነው። ሲሄዱ ንፋሱ ከኋላ ነበር። የልዕልቲቱ አገር ጀልባዎች ከአንድ እንጨት የተፈለፈሉ፣ እንደ ቢላ ቀጫጭን ናቸው፤ ጥለው ሄዱ። የመጀመሪያዋ ልጃቸው ስትዞር ልዕልቲቱ ከወንበራቸው ተነሡ። እሳቸው ከቆሙ መቀመጥ ነውር ነው ተብሏልና ባለሥልጣኑ ሁሉ፣ ሰብሳቢውም፣ ብድግ አለ። የእኔ ልጅ አራተኛ ነበረች። ሌሎቹ ሁለቱ ታንኳዎቻችን ከኋላ እንደ ግንድ ይጎተታሉ።

ሲመለሱ ግን ንፋሱ ፊት ለፊት መጣ። ማዕበሉ የእንጨት ጀልባዎቹ ውስጥ ገባ። ልጆቹ አንድ ጊዜ ቀዝፈው ሁለት ጊዜ ውሃ መቅዳት ጀመሩ። ታንኳ የሚሞላ ሆድ የለውም። ማዕበሉ ከላይ ይመጣል፣ በደንገሉ መሐል ወርዶ ይሄዳል። ልጄ ማዕበሉን በጎን አልተቀበለችም፤ አፍንጫውን እየሰጠችው መጣች። ሦስተኛ ሆነች። ሁለተኛ ሆነች።

"የበሩ ጌጥ ናት! ያቺ የበሩ ጌጥ!" እያለ ባለባጃጁ ይጮኻል።

"እማማ፣ ማን ናት ልጅቷ? ያውቋታል?" አለችኝ ቆሎ ሻጯ።

"አንድ ሁለቴ አይቻታለሁ" አልኋት።

ከዚያ ከጀርባዬ፣ ከፋሲሎ ወንዶች፣ ከሹማምንት ሚስቶች፣ ከተማሪዎች፣ ከሁሉም አፍ አንድ ድምፅ ወጣ፤ "የእኛ ልጅ! አይዞሽ የእኛ ልጅ!" ስድሳ ዓመት ጠብቄ ለመጀመሪያ ጊዜ "የእኛ" ተባልን። ይህች አገር የእኔም እንደሆነች እኔ ዱሮም አውቅ ነበር፤ ያላወቁት እነሱ ነበሩ። ቢሆንም ጮኽሁ። እኔም ከእነሱ ጋር፣ ከእነሱ በላይ ጮኽሁ። ልጄ ከፊቷ የቀረችውን አንዲት ጀልባ አጠገባችን፣ ዓይናችን ሥር አለፈቻት፤ የታንኳው አፍንጫ አሸዋውን ሲነካ ሌላዋ ገና ውሃ ትቀዳ ነበር።

ባንዲራው ወጣ። መዝሙሩ ተዘመረ። ልጄ ከእግሯ እስከ ራሷ ርሳ፣ ቀጥ ብላ ቆመች። አቋቋም ያውቁ የነበሩት ከኋላዋ ተደርድረዋል።

ልዕልቲቱ ሜዳሊያውን አንገቷ ላይ ካጠለቁላት በኋላ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ጠየቁ። ሰብሳቢው ፈጥኖ መለሰ። የልጄ ፊት ሲለዋወጥ አየሁ። እሷም በእንግሊዝኛ ተናገረች፤ ወደ እኔም ጠቆመች። በኋላ እንደ ነገረችኝ፣ እሳቸው የጠየቁት ታንኳውን ማን እንደሠራው ነበር፤ እሱ "ኮሚቴያችን" አላቸው፤ እሷ ደግሞ "ኮሚቴው የሠራው ሪባኑን ነው፤ ታንኳውን እናቴ" አለቻቸው።

ጠሩኝ። እንደ ልጆቻቸው አልተንበረከክሁም። እጃቸውን ሰጡኝ፤ መዳፌን ገልብጠው ልጥ የበላውን ጣቴን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። አጠገባቸው ያለው ወንበር የሰብሳቢው ነበር። በዱላቸው አመለከቱት፤ እሱ ለቀቀ፤ እኔ ተቀመጥሁ።

"ልጆቼ ለምን ተሸነፉ?" አሉኝ በልጄ አስተርጓሚነት።

ሰብሳቢው ጎንበስ ብሎ "እትዬ፣ ዝም ብለው አመስግኑ፤ እንግዳ ናቸው" አለኝ።

"ልዕልት ሆይ፣ በሰዓቱ ቢመጡ ኖሮ ያሸንፉን ነበር" አልኋቸው። "በሦስት ሰዓት ንፋስ የለም። እርስዎ ፏፏቴ ሲያዩ ንፋሱ መጣ።"

ልጄ አመነታች። "ንገሪያቸው" አልኋት። ነገረቻቸው። ሰብሳቢው ዓይኑን ጨፈነ። ልዕልቲቱ ዱላቸው ከእጃቸው እስኪወድቅ ሳቁ። ለሦስቱ ልጆቻቸው በቋንቋቸው ደግመው ነገሯቸው፤ ልጆቹም ረስተውት የነበረውን ሳቅ ሳቁ። ስቀው ሲያበቁ፣ በአገራቸው ጀልባ ካሸነፈ የሠሪው ስምና የአባቱ ስም በሕዝብ ፊት ይጠራል አሉ። እዚህም ይጠራ አሉ።

ድምፅ ማጉያው ያለው በሰብሳቢው እጅ ነው። አነሣው። የእኔን ስም ጠራ። ከዚያ ቆመ። ከአርባ ዓመት በላይ ያውቀኛል፤ ከአባቴ እጅ የወጣ ዓሣ በልቶ ነው ያደገው።

ማጉያውን በመዳፉ ሸፍኖ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለ። "የአባትዎ ስም... ማን ነበር?"

ቀስ ብዬ ነገርሁት። ጩኸቱ ብዙ ነበርና አልሰማሁም አለ። ደገምሁለት። አሁንም አልሰማም። ለሦስተኛ ጊዜ ልነግረው ከወንበሩ ተነሣሁ፤ ልዕልቲቱም አብረውኝ ተነሡ፤ እሳቸው ሲቆሙ ሹማምንቱ ሁሉ ተነሡ። ያ ሁሉ ሰው ቆሞ ሳለ የአባቴን ስም ከሐይቁ ወዲያ እስኪሰማ ጮኼ ተናገርሁ። እሱም በማጉያው ደገመው፤ ሕዝቡም ተቀብሎ ደገመው።

ስሙን እዚህ አልጽፈውም። ያን ቀን የሰማ ሰምቶታል።